በባክቴሪዮፋጅ ላይ ፒኤችዲ መሥራት ለምትፈልጉ፦ ከጥያቄው ጀምሩ፣ ስኮላርሺፑ ይከተላል

ባክቴሪያን ብቻ እየመረጡ የሚያጠቁ ቫይረሶች አሉ። ባክቴሪዮፋጅ ይባላሉ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ባጭሩ ፋጅ። የሰውን ሴል አያጠቁም። አንድ ፋጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው አንድ የባክቴሪያ ዝርያን፣ ከዚያም ውስጥ የተወሰኑ ስትሬኖችን ብቻ ነው። በሌላ በኩል መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደሆኑ ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ገምቷል። ዘርፉ እንደገና ነፍስ የዘራው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ መመሪያ ማይክሮባዮሎጂ፣ ባዮቴክኖሎጂ፣ ሜዲካል ላብራቶሪ፣ የእንስሳት ሕክምና ወይም ባዮኢንፎርማቲክስ ለተማራችሁ ነው። ብዙዎቻችን ፍለጋውን የምንጀምረው «ፉሊ ፈንድድ ስኮላርሺፕ» ብለን ጎግል ላይ በመጻፍ ነው። በዚህ ዘርፍ ያ መንገድ ሩቅ አያስኬድም። አብዛኛው ገንዘብ ያለው አማካሪው ባሸነፈው ፕሮጀክት ውስጥ ወይም ዩኒቨርሲቲው በሚመድበው በጀት ውስጥ ነው። አማካሪው ደግሞ የሚፈልገው ጥያቄውን የተረዳ ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ቀጥሎ ላብራቶሪ፣ ከዚያ ገንዘብ።

ደረጃ 1፦ የትኛው የፋጅ ሥራ እንደሚስባችሁ ወስኑ

«ፋጅ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» ማለት ለአማካሪ ምንም አይነግረውም። ዘርፉ ሰፊ ነው።

አንደኛው ሕክምና ነው። ፋጅን ፍሬድሪክ ትዎርት በ1915 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ፌሊክስ ዴሬል በ1917 ለየብቻቸው አገኙት። በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ የሚገኘው የኤሊያቫ ተቋም ከ1923 ጀምሮ እስከ ዛሬ በፋጅ ይሠራል። ቤልጂየም ውስጥ በብራሰልስ የሚገኘው የንግሥት አስትሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ፋጅ እያዘጋጀ ለሐኪሞች ይሰጣል። በእሱ አስተባባሪነት በተለያዩ አገሮች የታከሙ 100 ተከታታይ ሕሙማን ውጤት በ2024 ታትሟል። 77.2 በመቶ በሚሆኑት ላይ የጤና መሻሻል ታይቷል። ነገር ግን ጥናቱ ወደ ኋላ ተመልክቶ የተሠራ ነው፣ ማነጻጸሪያ ቡድንም የለውም።

ከእሱ ጎን ፋጎበርን የተባለውን ሙከራ አንብቡ። የእሳት ቃጠሎ ቁስል ላይ ፋጅን ከተለመደው ቅባት ጋር ያነጻጸረ የአውሮፓ ጥናት ነው። የተዘጋጀው ፋጅ ከጊዜ ጋር እየደከመ ሄደ፤ ሕሙማኑ የደረሳቸው መጠን ከታቀደው በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ሆነ። የተሻለ ውጤት ያሳየውም የተለመደው ሕክምና ነበር። ለእኔ የዘርፉ ምርጥ የፒኤችዲ ጥያቄዎች ያሉት እዚህ ነው። ፋጅ በጠርሙስ ውስጥ እንዴት ሳይሞት ይቆያል? ስንት መጠን ይበቃል? ከየትኛው አንቲባዮቲክ ጋር ይስማማል? ከተሳካ ሥራ ይልቅ ካልተሳካ ሥራ የሚወጣ ጥያቄ አማካሪን ቶሎ ይይዛል።

ሁለተኛው ባክቴሪያዎች ራሳቸውን ከፋጅ የሚከላከሉበት ስልት ነው። የጂን ማረሚያ መሣሪያ ሆኖ የታወቀው ዝነኛው ክሪስፐር የመጣው ከዚህ ነው። እርጎ በሚያረጋ ባክቴሪያ ላይ የሚሠሩ የዳኒስኮ ኩባንያ ተመራማሪዎች ክሪስፐር የፋጅ መከላከያ መሆኑን በ2007 አሳዩ። በ2018 ደግሞ የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም የሮተም ሶሬክ ቡድን ከዚያ በፊት የማይታወቁ በርካታ የመከላከያ ሥርዓቶችን ይፋ አደረገ። ጄኔቲክስና ኮምፒውተር ለምትወዱ ይህ ገነት ነው፤ ፉክክሩም የዚያኑ ያህል ከባድ ነው።

ሦስተኛው ምግብና እንስሳት ነው። አሜሪካ ሊስቴሪያ የተባለውን በምግብ የሚተላለፍ ባክቴሪያ ከተዘጋጀ ሥጋ ላይ የሚያጠፋ የፋጅ ምርት በ2006 ፈቅዳለች። ናይሮቢ ላይ ዋና መሥሪያ ቤት፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ትልቅ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ የምንለው፣ ኬንያ ውስጥ የዶሮ ሳልሞኔላ ላይ በፋጅ ይሠራል። እንስሳት ሐኪሞች ይህን ቸል አትበሉ።

አራተኛው ጂኖምና ሥነ ምህዳር ነው፦ በአፈር፣ በአንጀትና በባሕር ውስጥ ያሉ ፋጆችን በኮምፒውተር ማጥናት። ጥሩ ላብራቶሪ የሌላችሁ በዚህ በኩል ግቡ።

ደረጃ 2፦ አዲሱን አንብቡ

አንድ አጠቃላይ የግምገማ ጽሑፍና በመረጣችሁት ጥያቄ ላይ ካለፉት ሦስት ዓመታት የወጡ አምስት ያህል ጥናቶች ለመነሻ ይበቃሉ። እያንዳንዱን ስታነቡ መጨረሻ ላይ «ይህ ገና አልታወቀም» የተባለውን አስምሩ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በመማሪያ መጽሐፎቻችን ላይ ጭራ ያላቸው ፋጆች ማዮቪሪዴ፣ ሲፎቪሪዴ እና ፖዶቪሪዴ ተብለው በሦስት ቤተሰብ ይከፈላሉ። የቫይረሶችን ስያሜ የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እነዚህን ቤተሰቦች በ2022 ሰርዟቸዋል። አሁን ምደባው በጂኖም ነው፣ ሁሉም ካውዶቪሪሴቴስ በሚባል ክፍል ሥር ናቸው። የጭራውን ቅርጽ ለመግለጽ «ማዮቫይረስ መሰል» ማለት ይቻላል። በማመልከቻ ላይ ግን የድሮውን እንደ ወቅታዊ ቤተሰብ ከጻፋችሁ፣ አንባቢው ንባባችሁ የት እንደቆመ ወዲያው ያውቃል።

ደረጃ 3፦ የሚታይ ሙያ ያዙ

ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮባዮሎጂ ማስተርስ ከሠራችሁ፣ ቴሲሳችሁ ከሕሙማን፣ ከወተት ወይም ከሥጋ ባክቴሪያ ለይቶ የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ መፈተሽ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ይህን ቴሲስ «ተራ ነው» ብላችሁ አትናቁት። ፋጅ ያለ ባክቴሪያ አያድግም። ባክቴሪያን በንጽሕና ለይቶ፣ አረጋግጦ፣ በፍሪዘር አስቀምጦ ማቆየት የፋጅ ሥራ ግማሹ ነው። የጎደላችሁ ሌላኛው ግማሽ ነው።

እሱም የሚጀምረው ከፕላክ ምርመራ ነው። በጣም ቀላል፣ በጣም ርካሽ፣ ግን እጅን የሚፈትን ሥራ ነው። ፍሳሽ ውኃ ትወስዳላችሁ። በሴንትሪፊዩጅ ታጣሩና በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ታሳልፉታላችሁ። ባክቴሪያው ይቀራል፣ ፋጁ ያልፋል። ያለፈውን ከምትፈልጉት ባክቴሪያ ጋር አንድ ሌሊት ታሳድሩታላችሁ፣ ፋጁ እንዲበዛ። ከዚያ እንደገና አጣርታችሁ ደረጃ በደረጃ አሥር አሥር እጥፍ ታቀጥናላችሁ። ከእያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ከባክቴሪያው ጋር ለብ ባለ ቀጭን አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል) ውስጥ ቀላቅላችሁ፣ ጠንካራ አጋር ባለው ፔትሪ ዲሽ ላይ ታፈሳላችሁ። አጋሩ በጣም ከሞቀ ባክቴሪያው ይሞታል። ከቀዘቀዘ ደግሞ ሳታፈሱት ይጓጉላል።

በማግስቱ ዲሹ በባክቴሪያ ደብዝዞ፣ መሀል መሀሉ ላይ ጥርት ያሉ ነጥቦች ይታያሉ። ፕላክ የሚባሉት እነሱ ናቸው። አንድ ሚሊዮን ጊዜ በቀጠነው ዲሽ ላይ 35 ፕላክ ቆጠራችሁ እንበል። 35ን በአንድ ሚሊዮን አባዝታችሁ ለ0.1 ስታካፍሉ በአንድ ሚሊ ሊትር 350 ሚሊዮን ፋጅ አለ ማለት ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ ይህችን ስሌት የሚጠይቁ አሉ። ፋጁ ንጹሕ እንዲሆን ከአንድ ነጠላ ፕላክ ወስዶ ሥራውን መድገም፣ ቢያንስ ሦስት ዙር፣ የተለመደ ነው።

ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩ። ፍሳሽና በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የሚነካው በላብራቶሪ፣ ኃላፊነት በሚወስድ ሰው ሥር ብቻ ነው። ለልምምድ ጉዳት የማያደርሰው የኢ. ኮላይ ኬ-12 ስትሬን ይበቃል። የምታስተምሩበት ወይም የተማራችሁበት ዲፓርትመንት ኢንኩቤተር፣ ሴንትሪፊዩጅና ኦቶክሌቭ ካለው ለዚህ ሥራ የሚሆን ቤት አለው። ፋጅስ ፎር ግሎባል ሄልዝ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ደግሞ በምሥራቅና በምዕራብ አፍሪካ የፋጅ ሥልጠናዎችን ሰጥቷል። ጥሪ ሲወጣ እንዳያመልጣችሁ።

ላብራቶሪ ካጣችሁ ኮምፒውተር አለ። ከኤንሲቢአይ የመረጃ ቋት የፋጅ ጂኖም በነጻ አውርዱ። ፋሮካ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጂኖቹን ሰይሙ። ቼክቪ በሚባለው የጂኖሙን ሙሉነት ፈትሹ። ኮምፒውተራችሁ ደካማ ከሆነ ጋላክሲ የሚባለው ነጻ መድረክ ሥራውን በራሱ ሰርቨር ያካሂድላችኋል። የሠራችሁትን ጊትሃብ ላይ አስቀምጡና ሊንኩን ሲቪያችሁ ላይ አድርጉ። «ባዮኢንፎርማቲክስ እችላለሁ» ከሚል አንድ መስመር ይህ ይበልጣል።

ደረጃ 4፦ ላብራቶሪ ፈልጉ

ስሞቹን እንደ መነሻ ያዙ። አሁን ማን ተማሪ እየፈለገ እንደሆነ በየገጻቸው አረጋግጡ።

አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ግርሃም ሃትፉል የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመዶችን የሚያጠቁ ፋጆችን በብዛት ሰብስቧል። በ2019 የታተመው ሥራ እዚህ መነገር አለበት። ለንደን ውስጥ ሳንባዋ የተቀየረላት አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ምንም አንቲባዮቲክ በማይበግረው ባክቴሪያ ተይዛ ነበር። ሦስት ፋጆች ተሰጧት፣ ተሻላትም። ከሦስቱ አንዱ የተገኘው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከበሰበሰ ደበርጃን ላይ ነው። ከአፍሪካ አፈርና ቆሻሻ የሚወጣ ፋጅ የት ሊደርስ እንደሚችል ይህ ያሳያል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የፋጅ ቴክኖሎጂ ማዕከል አለው።

አውሮፓ ላይ፣ ቤልጂየም የኬዩ ሉቨን የሮብ ላቪኝ ቡድን፣ እንግሊዝ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ የማርታ ክሎኪ የፋጅ ምርምር ማዕከል፣ ሆላንድ ዴልፍት የስታን ብራውንስ ቡድን፣ ፓሪስ ፓስተር ተቋም የሎራን ደባርቢዩ ቡድን አሉ። ካናዳ፣ ላቫል ዩኒቨርሲቲ የሲልቫን ሟኖ ቡድንና በዴሬል ስም የተሰየመው የፋጅ ክምችት ይገኛሉ። ኒውዚላንድ፣ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ፊነራን አለ።

እስራኤል ውስጥ ላላችሁ ወገኖቻችን መንገዱ ቅርብ ነው። ዋይዝማን የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ለዶክትሬት ተማሪዎቹም ይከፍላል። ኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሮነን ሃዛን ቡድን የእስራኤል ፋጅ ባንክን ያስተዳድራል። አሜሪካ ገና ኮሌጅ የገቡ ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ሲ-ፌጅስ የሚባለውን ፕሮግራም ጠይቁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከአፈር የራሱን ፋጅ አግኝቶ ስም የሚያወጣበት ኮርስ ነው፣ ከ100 በላይ ተቋማት ይሰጡታል።

ክፍት ቦታዎችን ለማግኘት ፋጅ ዳይሬክተሪ የሚባለውን መድረክ ተከታተሉ። የሥራና የፒኤችዲ ማስታወቂያዎች በብዛት እዚያ ይወጣሉ።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡ በየአገሩ እንዴት እንደሚመጣ እወቁ

አሜሪካ የምታመለክቱት ለአንድ ፕሮፌሰር ሳይሆን ለፕሮግራም ነው፣ ለምሳሌ ለማይክሮባዮሎጂ። ከባችለር በቀጥታ መግባት ይቻላል። በባዮሎጂ ዘርፍ ትምህርት ክፍያውና የወር መተዳደሪያው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል። ቀነ ገደቡ በብዛት ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ ኢሜይል መጻፍ በነሐሴ ጀምሩ። የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁ «ፊ ዌይቨር» ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም፣ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ።

ሆላንድ፣ ዴንማርክና ስዊድን ፒኤችዲ ሥራ ነው። ማስታወቂያው እንደ ቅጥር ይወጣል፣ ደሞዝ ይከፈላል፣ ማስተርስ ያስፈልጋል። ጀርመን ማስታወቂያ ላይ «ቲቪ-ኤል ኢ13፣ 65 በመቶ» ብታዩ አትደናገጡ። የደሞዝ እርከኑና የሚከፈላችሁ ድርሻ ነው። ዳድ በሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት በኩልም ማመልከት ይቻላል።

የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮች ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ናቸው። ማስታወቂያቸው ዩራክሰስ በሚባለው የአውሮፓ የተመራማሪዎች ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። አንድ ሕግ ግን ብዙ ሰው ይጥላል። ከመቀጠራችሁ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በቀጣሪው አገር ከ12 ወር በላይ የኖራችሁ መሆን የለባችሁም። ቤልጂየም ማስተርስ እየሠራችሁ ከሆነ፣ ቤልጂየም ያለውን ትታችሁ ዴንማርክ ወይም ፈረንሳይ ያለውን ያዙ።

እንግሊዝ ላይ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ከ2021 ጀምሮ ለውጭ ተማሪም ክፍት ሆኗል፣ ቁጥሩ ግን የተገደበ ነው። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ጊዜ አታባክኑ፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ኒውዚላንድ የውጭ የፒኤችዲ ተማሪን የምታስከፍለው እንደ አገሬው ነው። ሴት ተመራማሪዎች ደግሞ ኦደብሊውኤስዲ የሚባለውን ፌሎሺፕ ተመልከቱ፤ በሌላ ታዳጊ አገር፣ ለምሳሌ ደቡብ አፍሪካ፣ ፒኤችዲ ለመሥራት ነው።

አስገባችኋለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ ሳንቲም አትስጡ።

ደረጃ 6፦ ኢሜይሉን ጻፉ

ፕሮፌሰሮች የሚደርሷቸው አብዛኞቹ ኢሜይሎች አንድ ዓይነት ናቸው። «ታታሪና ለመማር የጓጓሁ ነኝ፣ በታዋቂው ላብራቶሪዎ መማር ሕልሜ ነው» ይላሉ። ስሙን ቀይራችሁ ለሌላ ሰው ብትልኩት የሚያስኬድ ከሆነ አትላኩት።

በእንግሊዝኛ የምትጽፉት ሐሳብ ይህን ይምሰል (ካፕሱል የሚባለው የባክቴሪያው የውጭ ሽፋን ነው)፦

«በማስተርስ ቴሲሴ ከሆስፒታል የተገኙ የክሌብሲየላ ባክቴሪያዎችን ለይቼ የመድኃኒት መላመዳቸውን ፈትሻለሁ። ከዚያ ወዲህ በሦስቱ ላይ ከፍሳሽ ፋጅ አግኝቻለሁ፣ አንዱ ግን የገደለው አንዱን ባክቴሪያ ብቻ ነው። ምክንያቱ የካፕሱል ልዩነት ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት ባወጡት ጥናት ካፕሱልን የሚያፈርሰው ኤንዛይም ከፋጁ ተለይቶም እንደሚሠራ አሳይተዋል። ይህ ኤንዛይም የፋጁን የማጥቃት ክልል ማስፋት ይችል እንደሆነ ማጥናት እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት የፒኤችዲ ተማሪ የመቀበል ዕቅድ ይኖርዎታል?»

ይኸው ነው። የሠራችሁት፣ የገጠማችሁ፣ ከእነሱ ሥራ ጋር የሚያገናኘው፣ አንድ ጥያቄ። ሲቪያችሁን አብራችሁ ላኩ። የኢሜይሉ ርዕስ ላይ ባክቴሪያውንና ጉዳዩን ጥቀሱ። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱና ወደ ሌላው እለፉ። ዝምታ ብዙ ጊዜ «ገንዘብ የለኝም» ማለት ነው፣ «አትረቡም» ማለት አይደለም።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን ሰው አስቀድማችሁ ያዙ። ከማዕረጉ ይልቅ እጃችሁን በሥራ ላይ ያየ ሰው ይበልጣል።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ ኮስት ሼሪንጋችሁን ሳትጨርሱ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማውጣት ያስቸግራል። ተቀባይነት ካገኛችሁ በኋላ መሯሯጥ ሴሚስተር ያስከፍላል። ሬጅስትራር ሄዳችሁ በታሸገ ፖስታ ወይም በኦንላይን ወደ ውጭ መላክ ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንድ ተቋማት በአይኤልትስ ወይም በቶፍል ፈንታ የተማራችሁት በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይቀበላሉ። ለፈተናው ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አጣሩ። ፓስፖርትም አሁኑኑ።

ደረጃ 8፦ ቃለ መጠይቁ ላይ እናንተም ጠይቁ

ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ ስለራሳችሁ ሥራ ነው። ለምን ያንን ማነጻጸሪያ ተጠቀማችሁ? ውጤቱ ባይመጣ ምን ታደርጉ ነበር? የማታውቁትን «አላውቅም፣ ግን እንዲህ አድርጌ አጣራዋለሁ» በሉ።

ከዚያ ተራው የእናንተ ነው። ገንዘቡ ስንት ዓመት ድረስ ተረጋግጧል? ባለፉት ዓመታት የተመረቁት ተማሪዎች አሁን የት ናቸው? ፕሮጀክቱ ላይ ኩባንያ ካለ ማሳተም ይቻላል? አሁን ካሉት ተማሪዎች አንዱን ለብቻ ለማነጋገር ጠይቁ። ይህን የሚከለክል ላብራቶሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከአሜሪካ ቅበላ ካገኛችሁ፣ በመወሰኛ ቀን ላይ የጋራ ስምምነት የፈረሙት ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ያለበትን ቅበላ ለመቀበል እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7፣ ጊዜ ይሰጧችኋል። ቶሎ ወስኑ ብለው ቢጫኗችሁ ይህን ቀን ጥቀሱ።

ደረጃ 9፦ ከአገር ቤት ናሙና የምትወስዱ ከሆነ

ብዙ አመልካቾች ከኢትዮጵያ ባክቴሪያ ወይም ፋጅ ይዘው ለመሥራት ያቅዳሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ተህዋስያን በሕግ የአገር የጄኔቲክ ሀብት ናቸው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 መሠረት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮልም አባል ናት። ባክቴሪያው ከሕሙማን የተወሰደ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጨመርበታል። ናሙናውን በሚልከውና በሚቀበለው ተቋም መካከልም የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት መፈረም አለበት።

ይህ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ ያለ አንድ ተመራማሪ ተባባሪ አማካሪ እንዲሆን ጠይቁ፣ ስሙም በፕሮጀክቱ ላይ ከመጀመሪያው ይግባ። የፈቃድ ማመልከቻውን በመጀመሪያው ሴሚስተር አስገቡ። ፈቃዱ እስኪደርስ አማካሪያችሁ ባለው የባክቴሪያ ክምችት ሥራ ጀምሩ። ናሙናው በሻንጣ ሳይሆን በሕጋዊ ጭነት፣ ከነወረቀቱ ይላክ። ያለ ፈቃድ የወጣ ናሙና ላይ የተሠራ ጥናትን ብዙ መጽሔቶች አያትሙትም።